ከፋሲካ በፊት የነበረው ሰውነቱ

ባለቤቴ በተቀበረ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ሰማሁ። ከኋላዬ፣ ወንዶቹ በተደረደሩበት አግዳሚ በኩል፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ላለው እንግዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይተርካሉ። «ምን ይደረግ! ያኔ ወልድያ ላይ የጣለው ዕድሜው ነው። ጾሙም ጎድቶት ነበር፤ ገና አላገገመም ነበር።» እንግዳው ከንፈሩን መጠጠ። «ዕድሜ ክፉ» አለ።

የተናጋሪውን ድምፅ አውቀዋለሁ። መርሳ ላይ ሆቴል ያላቸው፣ የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩ ሰው ናቸው። ዞሬ «ውሸት ነው» ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች ሐዘንተኛ ስለ ቦክስ ብትከራከር ናላዋ ዞረ ትባላለች እንጂ የሚሰማት የለም። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ በለቅሶ የተንቀጠቀጥኩ መስሏት ነው። በንዴት ነበር።

ወራት አለፉ፤ ንዴቱ አልበረደልኝም። መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ስለ ሌላ ነገር አልጽፍም። ባለቤቴ በመጨረሻው ግጥሚያው ላይ ምን እንደ ሆነ ብቻ ነው የምጽፈው። ዕድሜው አልጣለውም። ጾሙም አልጎዳውም። የጎዱት የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

ባለቤቴ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበር። ከመጋባታችን በፊት አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ይጋጠም ነበር። እኔ ሳውቀው ቦክሱን ትቶ መርሳ ተመልሶ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሐጂ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ልጅ አልሰጠንም። እራት በልተን ስንቀመጥ ስለ ቦክስ ያጫውተኛል፤ ሌላ የሚሰማው ስላልነበረ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ዘርረሃል?» ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ።

«ቀላል ሚዛን የሚጋጠሙትን ልጆች ተራቡ ብለሽ አትዘኝላቸው» ይለኝ ነበር። «ሚዛኑ ይጠብቃቸዋል። ትንሽ ካለፉ አይጋጠሙም፤ ስለዚህ አሠልጣኙ ከመሶቡ ጎትቶ ያነሣቸዋል። እኛ ከባዶቹ ጣሪያ የለንም። ከተወሰነው ኪሎ በላይ እስከሆንሽ ድረስ መቶም ሁኚ መቶ ሠላሳ፣ ‹ግቢ› ትባያለሽ። የሚከለክልሽ የለም። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የሚነገርሽ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከባድ ሰው ከባድ ይመታል ብዬ ነበር የማስበው፤ እንደ አገሬ ሰው።

«ይመታል» አለኝ። «ግን ከቡጢው ጋር አብሮ የሚሄድ ክብደት አለ፤ ተሸክመሽው ብቻ የምትዞሪው ክብደት አለ። ይኸኛው ለማንም ቡጢ አይሆንም። ትንፋሽሽን ብቻ ይበላል። እስቲ አንድ ቁና ማሽላ ወገብሽ ላይ እሰሪና ገመድ ዝለይ!»

ሞኝ ነኝ፤ አሰርኩና ዘለልኩ። ሦስት ጊዜ ሳልዘል ከረጢቱ ተፈትቶ ማሽላው ወለሉ ላይ ተበተነ። ከሳቁ የተነሣ ግድግዳ ይዞ ነበር።

ስለ ዕድሜም ጠይቄዋለሁ። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው እግርን ነው አለኝ። ቀጥሎ ዓይንን ይወስዳል፤ ቡጢው ሲመጣ ታየዋለህ፣ ግን የምታየው ዘግይተህ ነው። የክንድ ጉልበት መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው፤ አርባ የዘለለ ከባድ ሚዛን እስከ መጨረሻው የሚፈራው ለዚህ ነው። «የሃያ ዓመት ልጅ ሳምንት ቢሰንፍ በሳምንቱ ይመልሰዋል» አለኝ። «እኔ ዛሬ ሳምንት ብሰንፍ በወር አልመልሰውም። በዕድሜና በስንፍና መካከል ያለው ዝምድና ይኸው ነው። ዕድሜ ብቻውን ሲመጣ እንኳ ታስተናግጂዋለሽ።»

ስለዚህ ዕድሜ ድርሻ የለውም አልልም። ድርሻውን የነገረኝ ራሱ ባለቤቴ ነው።

በጥር ወር ሰብሳቢው ወፍጮ ቤት ድረስ መጡ። «አንበሳው!» አሉት ከበሩ። «ወልድያ ላይ ትልቅ የቦክስ ቀን ልናደርግ ነው። ከደሴ አንድ ከባድ ሚዛን ልጅ ተገኝቷል። አንተ ካልገባህ ሐብሩ ወረዳ በሙሉ አፈረ በለኝ።» ከጦርነቱ ወዲህ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚደሰትበት ነገር አጥቶ ነበርና ሐሳቡን አልነቅፍም። ቀኑ ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ተስማሙ።

ባለቤቴ ቤት ሲገባ ፊቱ ላይ የወጣት ልጅ ፈገግታ ነበረ።

«አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ላላሸንፍ እችላለሁ» አለኝ። «ማሸነፉ የልጁ ይሁን። አዲስ አበባ የመጨረሻውን ግጥሚያዬን በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው የጨረስኩት። እንደዚያ ሆኖ መቅረቱ ያበሳጨኛል። ሦስቱን ዙር እየተማታሁ፣ ደወሉ ሲደወል በእግሬ ቆሜ መጨረስ ነው የምፈልገው። አንቺም አይተሽኝ አታውቂም።»

የፈለገው ይህን ብቻ ነበር። ዋንጫ አልፈለገም፤ ሦስቱን ዙር ቆሞ መጨረስ።

ጎህ ሲቀድ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ አቅጣጫ በአስፋልቱ ጠርዝ መሮጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ከከተማው ጫፍ ሳያልፍ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይመለስ ነበር፤ ባጃጅ ነጂዎቹ «አባባ፣ እናድርስዎት!» እያሉ ያሾፉበታል። ከወር በኋላ ሲሪንቃ ድረስ ሮጦ በሚኒባስ ተሳፍሮ መመለስ ጀመረ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰጋቱራና አሸዋ የሞላበት ጆንያ ከግንድ ላይ ሰቅሎ፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ይደበድበዋል። ሐጂ በመስኮት ብቅ ብለው «አንተ ቦክሰኛ፣ ወፍጮዬን ጥለህ ጆንያዬን ትገርፋለህ? ምን አደረገህ ምስኪኑ?» ይሉታል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔ ፈርቼ ነበር። እሱ አልፈራም። ጠዋት ሮጦ፣ ሲሠራ ውሎ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚበላው፤ የማሽላ እንጀራ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ጎመን፣ ከግራና ከተማ የሚመጣ ፓፓያ። ቢራ የለም፣ ቅቤ የለም፣ «አንዴ ብቻ ቅመስ» የሚል ሰው የለም። እንዲህ የተመቸ አሠልጣኝ አግኝቼ አላውቅም ይል ነበር፤ ጾሙን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ ይወጣል። ጾሙ ሲያዝ መቶ ስድስት ኪሎ ነበር። ዘጠና አምስት ሲገባ ሐጂ ራሳቸው ናቸው ያነበቡለት።

አንድ ቀን ገመድ ሲዘል በር ላይ ቆሜ አየሁት። ፊቱ ሾሏል፤ የአንገቱ ጅማት ወጥቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ግን የእግሩ ድምፅ አይሰማም። ያን የሚያህል ሰው መሬቱን ሲነካ ድምፅ የለውም። ገመዱ ብቻ ነው የሚያፏጨው። በዚያን ቀን ሦስቱን ዙር እንደሚጨርስ አወቅሁ። ከሾለ ፊትና ከሰፋ ሸሚዝ ሌላ ነገር ማየት ለሚችል ሰው የተሰወረ ነገር አልነበረውም።

ሊጋጠም አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ሰብሳቢው ከሁለት የኮሚቴ ሰዎች ጋር የግጥሚያ ቁምጣ ይዘውለት መጡ። ገላውን ታጥቦ ፎጣ ለብሶ ሲወጣ አዩትና ቁምጣውን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምነው? ታመሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ። እንዲያውም ደርሻለሁ።»

«የት ነው የደረስከው? መቃብር? አንተ ሰው፣ ጾሙ ጨረሰህ እኮ! ይህን ይዘን ወልድያ ብንገባ ምን ይሉናል? እኛ ያወራነው ስለ ሰንጋ ነው፤ ጫጩት ይዛችሁ መጣችሁ ሊሉን ነው?»

«ጋሼ» አልኩ እኔ፣ «ሆን ብሎ ነው የቀነሰው። እግሩ ቀልሎታል፤ ትንፋሹ...»

«እታለም፣ ባልሽ እንዲህ ሲመነምን እያየሽ ዝም ማለትሽ ሳያንስ፣ ትንፋሹ ትይኛለሽ?»

በዚያው ዕለት ግራና ደወሉ። በማግስቱ እዚያ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት መጡ። እናቱ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እኔም እትዬ ነው የምላቸው። ከበሩ ሳይገቡ ክንዱን ያዙና በጣታቸው ለኩት። ከዚያ አለቀሱ። «ወንድሜን ምን አበላሽው?» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቁም። እትዬ ልጅ ሆነው ክፉ ቀን አይተዋል፤ ከሳ፣ ከሳ ብለው ያዩት ሁሉ ተመልሶ አልወፈረላቸውም። ይህ ይገባኛል፤ ቢገባኝም ከመናደድ አያድነኝም። ሐዘናቸው የትናንት ነበር፤ ባለቤቴ ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር የተዘጋጀው።

ኮሚቴው ግጥሚያውን ከፋሲካ በኋላ፣ ርክበ ካህናት ሰሞን እንዲሆን አዛወረው። «እንዲያገግም» ተባለ። የደሴው ልጅም ተስማማ፤ ለምን አይስማማ? ባለቤቴ ብዙ ሰው ባለበት አንድ ጊዜ ብቻ ተከራከረ። «ጋሼ፣ ሰውነት እንደ ማሽላ ነው። ደርሷል። በቀኑ ካልታጨደ የሚበላው ወፍ ነው።» ሰብሳቢው ሳቁና ትከሻውን መቱት። እትዬ ገና እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። እሱም እሳቸውን አየና ክርክሩን ተወ።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ።

አገራችን ውስጥ አንድ ሰው እንዲበላለት የሚፈልገውን ሰው ሲያጎርስ «በሞቴ» ይላል። ጉርሻው አፍህ ፊት ቆሞ «በሞቴ» ከተባለ እምቢ ማለት የሰውየውን ሞት መመኘት ነው። ባለቤቴ ከቡጢ ማምለጥን የተማረ ሰው ነው፤ ከዚህ ማምለጥን ግን ማንም አላስተማረውም። የክርስትና ልጆቹ የፋሲካ ስጦታቸውን፣ አክፋይ ይዘው መጡ። ቅርጫ የገቡት ሰዎች ሻኛውን ለእሱ ለዩለት፤ ያለ ድርሻው። በየመንገዱ እየጎተቱ ያስገቡታል፤ «ለወልድያው ነው! ለሐብሩ ክብር ነው! በሞቴ!» ሰብሳቢው ሆቴላቸው ፊት ለፊት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ወንበር ላይ አስቀምጠው ጥብስና ቢራ ያቀርቡለታል። «ይኸውላችሁ ሰውዬው!» ይላሉ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ። ሆቴሉም ሞልቶ ይውላል። ሰዎቹ ክፋት አልነበራቸውም ይባላል። እኔ ግን ያ ሆቴል በጾሙ ባዶ እንደነበር አልረሳም።

እትዬ ደግሞ እኛው ቤት ሰነበቱ። ከጠዋት ጀምሮ ቅቤ የዋጠ ገንፎ ይጠብቀዋል። ለሩጫ ጫማውን ሲያስር ካዩት በሩ ላይ ይቆማሉ።

«እትዬ፣ ምግቡ ይሁን፤ ሩጫውን እንኳ አይከልክሉት» ብዬ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ የሮጠው ነው የከሳው።»

«ካልሮጠ እኮ ይሸነፋል።»

«ይሸነፍ! ተሸንፎ ይግባልኝ፤ ግን ሥጋ ለብሶ ይግባ።»

እኔም እሱን ወደ ጎን ወስጄ «እምቢ በላቸው» አልኩት። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ድርሻቸውን ለእኔ እየሰጡ ነው ያሳደጉኝ» አለኝ። «ዛሬ ሲሰጡኝ እንዴት አልበላም ልበል?» ይህ ጥያቄው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በዚያ ሰሞን እሱን ያልጎዳው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የሐጂ ቤት። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም፤ ስለዚህ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል። ባስኩላው ላይ ሲወጣ መቶ አራት አነበቡና ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወላሂ፣ እኛ ረመዳንን ጾመን ኢድን የምንበላው ቀናት ነው። እናንተን ሃምሳ ቀን ብሉ ያላችሁ ማነው? አንተን ሊገድል ፈልጎ ነው እንዴ?» ባለቤቴ ሳቀ። ከባስኩላው ሲወርድ ግን ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ነበር።

ግጥሚያው ወልድያ ላይ፣ ከቤት ውጭ በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል። እኔና እትዬ ከፊት ተቀመጥን። የደሴው ልጅ ረጅም ነው፤ ከባለቤቴ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ያንሳል፤ ወገቡ እንደ ልጃገረድ ወገብ ነው። ባለቤቴ ፎጣውን ሲያወልቅ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ከኋላችን ተነሥተው «አያችሁ? አገገመ!» አሉ።

የመጀመሪያው ዙር የእሱ ነበር። ይህን ማንም አይክድም። ግራ እጁ ከየት እንደሚወጣ አይታይም፤ ልጁ ደረት ላይ ሲያርፍበት መድረኩ ራሱ ያቃስታል። ሰዉ በእግሩ ቆመ። እኔ ግን የማዳምጠው የእግሩን ድምፅ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ ጣውላው «ዱብ፣ ዱብ» ይላል። በጾሙ ጊዜ ያልነበረ ድምፅ ነው። ደወሉ ሲደወል ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሳይሆን የወደቀበት ይመስል ነበር።

በሁለተኛው ዙር አፉ ተከፈተ። ልጁ ገብቶታል፤ መምታቱን ትቶ እያዞረው ነው። ባለቤቴ ቡጢ ይሰነዝርና ትንፋሽ ሊስብ ይቆማል፤ ልጁ በዚያች ትንፋሽ መሀል ገብቶ ይመታዋል። ያቅፈዋል፤ ክብደቱን ይጥልበታል፤ ዳኛው ይለያቸዋል። እጁ ከፊቱ ወደ ደረቱ ወረደ። እትዬ ነጠላቸውን ነክሰው ነበር። «ደከመው እኮ! ምን ነካው? እንደዚያ በልቶ!» ይላሉ። እንደዚያ በልቶ።

በሦስተኛው ዙር ከመድረኩ መሀል አልተንቀሳቀሰም፤ ቆሞ ነው የሚመታው። ልጁ ዙሪያውን እየዞረ ይመታዋል። ግን አልወደቀም። ከዚያ ልጁ አንዴ ተዘናግቶ ሲጠጋ ባለቤቴ በቀኝ አገኘው። የልጁ ጉልበት ታጠፈ፤ ወደ ገመዱ ተንገዳግዶ ሄደ። ሰዉ ሁሉ ጮኸ። በባለቤቴና በልጁ መካከል ሁለት እርምጃ ነበር። ሁለት እርምጃ ብቻ። ክንዱ ገና ጉልበት ነበረው፤ አሁን ሁላችንም አይተነዋል። እግሩን ሲያዘውና እግሩ እምቢ ሲለው አየሁ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጁ ተዘርግቷል፤ እግሩ ግን ጣውላው ላይ እንደ ተመረገ ነው። ልጁ ገመዱን ይዞ ነፍሱን መለሰ። ተመልሶ መጣና መታው፣ መታው፣ መታው። ዳኛው መሀል ገብቶ ባለቤቴን አቀፈውና እጁን አወዛወዘ፤ አበቃ ማለት ነው። ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።

«ቆሜያለሁ እኮ» አለው ዳኛውን። ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። «ቆሜያለሁ እኮ።»

«ወንድሜ፣ ይብቃህ።»

ማታ መርሳ ላይ ሆቴሉ ውስጥ አስቀድሞ በግ ታርዶ ቆይቶን ነበር። ባለቤቴን የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ አብጧል። ሰብሳቢው ብርጭቆ ይዘው ተነሡ። «ለአርባ ሁለት ዓመት ሰው ጎበዝ ነው! ዕድሜ ግን አይመከትም። ዕድሜ ነው የጣለን!» ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ የጥብስ ጉርሻ ጠቅልለው ወደዚያ ወደ ተሰነጠቀ ከንፈር ዘረጉ። «በሞቴ!»

ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ይተዉት» አልኩ። «ያን ቅዳሜም አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዕድሜው በአምስት ሳምንት ውስጥ አልጨመረም ማለቴ ነው። የጨመረው እናንተ የጨመራችሁት ነው። ደርሶ ነበር፤ ሦስቱን ዙር ይጨርስ ነበር። መልሳችሁ አበላችሁና እዚያ መድረክ ላይ አቆማችሁት።»

ሰብሳቢው ጉርሻውን እንደ ያዙ ዙሪያቸውን አዩና ሳቁ። «ስሙማ! ሰው በልቶ ተሸነፈ ተብሎ ያውቃል? ያውም በወሎ ምድር?» ሁሉም ሳቀ፤ አስተናጋጇ ሳትቀር። ቁጣቸው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያ ሳቅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ያልሳቁት እትዬ ብቻ ናቸው። ወደ ወንድማቸው ጠጋ ብለው «እውነቷን ነው?» አሉት። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ባለቤቴ አያቸው። ከዚያ ያበጠ ፊቱን እንደምንም ፈገግ አድርጎ «ተዪ እትዬ፣ ዕድሜ ነው» አላቸው። «እሷ ለእኔ አዝና ነው።» ጉርሻውንም ከሰብሳቢው እጅ ጎረሰ።

እንግዲህ «ዕድሜ ነው» የሚለው ወሬ ምስክር ያገኘው ከዚያ ነው፤ ከራሱ አፍ። እህቱን ለማዳን የተናገራትን ያችን ቃል ይዘው ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ነገዱባት። እስከ ድንኳኑም አደረሷት።

ለእኔ ቤት ስንደርስ የነገረኝ ሌላ ነው። «እነዚያ ሁለት እርምጃዎች» አለኝ። «ከሆሣዕና በፊት ቢሆን እሄዳቸው ነበር።» በሚቀጥለው ዓመት ልጁን በጾም እንዲገጥም እንዲፈቅዱለት ሰብሳቢውን ሄዶ ጠየቃቸው። «በጾም ማን ሥጋ ይገዛል? ማን ቢራ ይጠጣል? ባዶ ሜዳ ላይ ልትቧቀስ ነው?» አሉት። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ፍልሰታ ሲገባ ሩጫ እጀምራለሁ ይል ነበር። ፍልሰታ አልደረሰም። በሐምሌ አንድ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው አሉ። ግጥሚያው ገደለው አልልም፤ የማላውቀውን አልናገርም። የማውቀውን ግን ይተዉልኝ።

ከአርባው በኋላ ሰብሳቢው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እትዬም ከእኔ ጋር ነበሩ። በስሙ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ወልድያ ላይ የቦክስ ግጥሚያ ሊያደርጉ ነው፤ እኔ ፈቅጄ ከፊት እንድቀመጥላቸው ይፈልጋሉ። «ዕድሜ ሳይበግረው የታገለ ጀግና ብለን ነው የምናስነግረው» አሉ። እንዲህ ሲሉ እውነትም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ስሙን ከፈለጋችሁ ግጥሚያውን ከሆሣዕና በፊት አድርጉት» አልኳቸው።

«በጾም? እታለም፣ በጾም ማን ይመጣል?»

«እሱ መጥቶ ነበር። ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የመለሳችሁት። ከፋሲካ በኋላ የምታደርጉት ከሆነ ስሙን ተዉልኝ። የእናንተን ስም አውጡለት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አሉ። «አዎ፣ ሐዘን ነው» አልኳቸው። «ሐዘን የማያውቀውን አይናገርም።»

ሆቴሉ ውስጥ ያልኩትን ስደግመው፣ ወንድማቸው ያን ማታ የዋሻቸው ለእሳቸው ሲል እንደሆነ እትዬ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ያሳዝኑኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አላሳዘኑኝም፤ ያን ቀን አልቻልኩም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ለሰብሳቢው ተናገሩ።

«እኔ የከሳ ሰው ቆሜ ማየት አልችልም። እኔን አትጥሩኝ» አሉ። «ግን እሷ እንዳለችው አድርጉት። በጾም አድርጉት።»

ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንመክርበታለን» ብለው ወጡ። እስካሁን እየመከሩ ነው። እትዬ ዛሬም እኔ ቤት ናቸው፤ ምግብ ሲቀርብ ትንሽ ቆርሰው ይተዋሉ፤ እኔም ይብሉ አልላቸውም።